እንግዳው በዴልሂ ደጅ

የሩቅ አገር ሰው ስለ አንድ ከተማ የጻፈውን ስናነብ ዘወትር የምንጠይቀው «ምን አየ?» ብለን ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ከዚያ በፊት መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ «ሲያይ የት ተቀምጦ ነበር? ማን አበላው? ማን አሳደረው? በማን ገንዘብ ለበሰ?» ከተማን ከአደባባይ ሆኖ የሚያይና ከጓዳ ሆኖ የሚያይ ሰው አንድ ከተማ አያዩም።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ሰው ከተማን ከንጉሥ ደጅ ሆኖ ያየ ሰው ነው። ስሙን ሁላችንም በታሪክ ትምህርት ሰምተነዋል፤ ኢብን ባቱታ ይባላል። ሠላሳ ዓመት ገደማ የፈጀውን ጉዞውን በሙሉ እዚህ ልናወሳ አንችልም፤ ጊዜውም ወረቀቱም አይበቃም። የምናተኩረው ህንድ ገብቶ ዴልሂ ላይ ጎጆ በቀለሰባቸው የመጀመሪያ ወራት ላይ ብቻ ነው። ለምን ቢባል፣ በእነዚያ ጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ትልቅ ከተማ እንግዳን እንዴት እንደሚቀበል፣ እንዴት እንደሚያበላ፣ እንዴትስ አድርጎ የራሱ እንደሚያደርገው ቁልጭ ብሎ ይታያል። (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢብን ባቱታ በ1304 በሞሮኮዋ የወደብ ከተማ በታንጂር ተወለደ። ቤተሰቡ የእስልምና ሕግ አዋቂዎች፣ የዳኞች ዘር ነበር። በ1325፣ ገና በሃያ አንድ ዓመቱ፣ ለሐጅ ብሎ ከቤቱ ወጣ፤ ወጥቶም ቶሎ አልተመለሰም። መካን፣ ኢራቅን፣ ፋርስን፣ የመንን፣ የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ፣ የቱርኮችን አገር፣ የመካከለኛው እስያን ምድር አዳረሰ። ወደ እኛም ሰፈር ብቅ ብሎ ነበር፤ ዘይላ ደርሷል። ግን የዓሣው ሽታና በየመንገዱ የሚታረደው ግመል አስጠልቶት ከተማው ውስጥ አላድርም አለና፣ ባሕሩ ቢናወጥም መርከቡ ላይ አደረ። እንግዲህ ይኸው ሰው፣ ዘይላ ላይ አንዲት ሌሊት ማደር ያቃተው ሰው፣ ዴልሂ ላይ ስምንት ዓመት ያህል ኖረ። ዘመኑ በእኛ አገር ዐፄ ዓምደ ጽዮን የነገሡበት ዘመን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዴልሂ አይደለም፤ የዴልሂ እጅ ረጅም ነውና ከሩቅ፣ ከኢንደስ ወንዝ ዳር ይጀምራል። ኢብን ባቱታ ወንዙን የደረሰበትን ቀን በመስከረም 1333 ላይ የሚውል አድርጎ ይነግረናል። (የታሪክ ሊቃውንት የጉዞውን ቀኖች እርስ በርስ እያስተያዩ ስለዚህ ቀን ይከራከራሉ፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ብዙ ለውጥ አያመጣም።) ወንዙን እንደ ደረሰ የሱልጣኑ ወሬ አቀባዮች መጡ። ማን እንደሆነ፣ መልኩና ልብሱ ምን እንደሚመስል፣ ስንት ጓደኛ፣ ስንት ባሪያ፣ ስንት ከብት እንዳስከተለ፣ ሲሄድም ሲቀመጥም ጠባዩ እንዴት እንደሆነ፣ ገንዘብ ሲያወጣ እጁ ይፈታ እንደሆነ፣ ይኸን ሁሉ ጻፉ። የጻፉትም ወደ ሱልጣኑ በረረ።

በረረ ማለት ማጋነን አይደለም። የዴልሂ መንግሥት ሁለት ዓይነት ፖስታ ነበረው፤ አንዱ በፈረስ፣ ሌላው በእግር። የሚገርመው የእግሩ ከፈረሱ ይፈጥን ነበር። በየማይሉ ሲሶ ላይ ሯጮች ወገባቸውን ታጥቀው ይጠብቃሉ። አንዱ ሯጭ በአንድ እጁ ደብዳቤውን፣ በሌላው እጁ ጫፉ ላይ የመዳብ ቃጭል የታሰረበት ዱላ ይዞ ይሮጣል። የቃጭሉን ድምፅ የሰማው ቀጣዩ ሯጭ ይነሣል፤ ተቀብሎም ያለ የሌለ ኃይሉን ይሮጣል። ከሲንድ እስከ ዴልሂ ለመንገደኛ የ50 ቀን መንገድ የሆነው ለዚህ ፖስታ የ5 ቀን መንገድ እንደሆነ ኢብን ባቱታ ጽፏል። ስለዚህ እርሱ ዴልሂን ገና በዓይኑ ሳያይ ዴልሂ እርሱን አውቃው ነበር። ይኸን ነገር ልብ እንበልልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሙልታን ከተማ ሲደርስ ቁም ተባለ። ከውጭ የመጣ ሰው ሁሉ የሱልጣኑ ፈቃድ ሳይመጣ ወደ ዋናው ከተማ አያልፍም። መጠበቅ ብቻም አይደለም፤ «የመጣሁት ልኖር ነው» ብሎ በጽሑፍ መፈረም ነበረበት። ለመጎብኘት የመጣ፣ አይቶ ሊመለስ የመጣ ሰው አይፈለግም። ኢብን ባቱታም ፈረመ። በልቡ ምን እንዳሰበ አይነግረንም፤ ብዙዎቹ መንገደኞች ግን ሊፈርሙ እንጂ ሊኖሩ እንዳልመጡ መገመት አያስቸግርም።

ለመሆኑ ሱልጣኑ ይኸን ያህል እንግዳ የሚወደው ለምንድን ነው? ሱልጣኑ ሙሐመድ ኢብን ቱግሉቅ ነው፤ በ1325 አባቱ ጊያስ አል-ዲን የተሠራለት የእንጨት ዳስ ተደርምሶበት ሲሞት ዙፋን የወረሰ። ተምሯል፣ ፍልስፍና ያውቃል፣ የእጅ ጽሕፈቱ ያማረ ነው ይባላል። ግዛቱ ሰፊ ነው፤ መኳንንቱ ግን አይታመኑም፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ያምፃሉ። እንግዲህ አገር ውስጥ ዘመድ የሌለው፣ ርስት የሌለው፣ ወታደር የሌለው፣ ከሱልጣኑ እጅ በቀር የሚጎርስበት እጅ የሌለው ሹም ቢገኝ እንዴት ያለ ሹም ይሆናል! ለዚህ ከባዕድ የተሻለ የለም። ስለዚህ ሱልጣኑ ከፋርስ፣ ከኢራቅ፣ ከመካከለኛው እስያ የሚመጡትን ዳኛ፣ ሼክ፣ ፀሐፊ፣ ወታደር ይሰበስባል። ያውም «ባዕድ» ብሎ መጥራት ክልክል ነው፤ «አዚዝ» በሏቸው፣ ማለት የተከበሩ በሏቸው የሚል ትእዛዝ አውጥቷል። ቃሉ አማረ፤ ነገሩ ግን ያው ነው። የከበሩት እስከ ተፈለጉ ድረስ ነው።

ወደ ሱልጣኑ ፊት ባዶ እጅ አይቀረብም። ለሰጠው ሰው ሱልጣኑ እጥፍ ድርብ አድርጎ ይመልሳል የሚለው ወሬ አገሩን ሞልቶታል። የሲንድና የህንድ ነጋዴዎችም ይኸን አውቀው አንድ የንግድ ዓይነት ፈጥረው ነበር፤ ለአዲስ መጪው ፈረሱን፣ ባሪያውን፣ ግመሉን፣ ልብሱን፣ ጥሬ ገንዘቡንም ሳይቀር በብድር ይሰጡታል። እርሱ ለሱልጣኑ ያበረክታል፤ ሱልጣኑ ብዙ አድርጎ ሲመልስለት ዕዳውን ከነትርፉ ይከፍላቸዋል። ኢብን ባቱታም ከአንድ የኢራቅ ነጋዴ ላይ 30 ያህል ፈረሶችና ቀስት የተጫነ ግመል ወሰደ። ስጦታው ብድር ነው፤ ብድሩ ደግሞ ገና ባልታየ ችሮታ ላይ የተመሠረተ ነው። እንግዳው ከተማው ውስጥ አንድ እግሩን ሳያስገባ ዕዳ ተሸክሟል ማለት ነው።

ከሙልታን ወደ ዴልሂ 40 ቀን መንገድ ነው። መንገድ ላይ ሽፍቶች ገጥመዋቸው ተዋጉ፤ ኢብን ባቱታም በቀስት ቆሰለ፤ ቁስሉ ግን ቀላል ነበር። ከዚያም ዴልሂ።

ዴልሂ አንድ ከተማ አይደለችም፤ አራት ናት። አሮጌዋ ዴልሂ አለች፤ አላ አል-ዲን ኪልጂ የሠራት ሲሪ አለች፤ የሱልጣኑ አባት የቆረቆራት ቱግሉቃባድ አለች፤ ሱልጣኑ ራሱ የሚኖርባት ጀሃንፓናህ አለች። የዋናይቱ ከተማ ቅጥር ወርዱ 11 ክንድ፣ በሮቹ 28 እንደሆኑ ጽፏል። በቅጥሩ ውፍረት ውስጥ የበረኞች ቤትና የእህል ጎተራ ተሠርቷል። ከዚያ ጎተራ ሲወጣ ያየው ሩዝ ከ90 ዓመት በፊት የተከማቸ ነበር ይላል፤ መልኩ ጠቁሯል፣ ጣዕሙ ግን ደህና ነው። የቁጥብ ሚናርን፣ በመስጊዱ ግቢ የቆመውን የብረት ዓምድ፣ ሕዝቡ የሚጠጣባቸውን ታላላቅ የውሃ ግድቦች ሁሉ ተዘዋውሮ አየ። ስለ ዓምዱ አንድ አዋቂ «ከሰባት ዓይነት ማዕድን የተቀላቀለ ነው» ቢለው እንደ ተነገረው ጻፈ። ዓምዱ ዛሬም እዚያው ቆሟል፤ ብረት ነው። በዚህ አጋጣሚ ዓይኑና ጆሮው እኩል እንደማይታመኑ እናያለን።

ከዚህ የከበደም አለ። ሱልጣኑ በ1327 ገደማ የዴልሂን መኳንንትና ሊቃውንት ከተማውን ለቀው ወደ ደቡብ፣ ወደ ዳውላታባድ እንዲሄዱ አዝዞ ነበር። መንገዱ 40 ቀን ነው። ኢብን ባቱታ ሲተርከው ከተማው ጨርሶ እንደ ተራቆተ፣ አንድ ዓይነ ስውር በግድ እየተጎተተ ሄዶ ዳውላታባድ የደረሰው እግሩ ብቻ እንደሆነ አድርጎ ነው። ታሪኩ ልብ ይነካል። ግን እርሱ ያን ጊዜ ህንድ አልነበረም፤ የደረሰው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። በአንጻሩ በ1327ና በ1328 በዴልሂ አካባቢ የተቀረጹ የሳንስክሪት ጽሑፎች ተገኝተዋል፤ የከተማው ኑሮ ጨርሶ እንዳልተቋረጠ ያመለክታሉ። ሰዎች ተገደው ሄደዋል፣ መከራም አይተዋል፤ ባዶ ከተማ የሚለው ግን የተራኪዎች ጨው ነው። የታሪክ ተማሪ እዚህ ላይ ብዕሩን አንሥቶ ኅዳጉ ላይ ምልክት ማድረግ አለበት።

ሲደርሱ ሱልጣኑ ከተማው ውስጥ አልነበረም። የተቀበሏቸው የሱልጣኑ እናትና ወዚሩ ናቸው። ቤት ተሰጣቸው። ቤቱ ውስጥ ገብቶ ሲያይ ምንጣፉም፣ ሰሌኑም፣ ዕቃውም፣ አልጋውም ሁሉ ተሟልቶ ጠበቀው። ስለ አልጋው የጻፈውን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሲያነብ ፈገግ ይላል፤ አራት እግር፣ አራት ወጋግራ፣ መካከሉ በሐር ወይም በጥጥ ገመድ የተጠለፈ፣ አንድ ሰው ብድግ አድርጎ የሚሸከመው ቀላል አልጋ ነው ይላል። ከእኛ ጠፍር አልጋ የሚለየው ጠፍሩ ብቻ ነው!

ቀለቡም ወረደ፤ 1,000 ረጥል ዱቄት፣ 1,000 ረጥል ሥጋ፣ ስኳር፣ ቅቤ፣ 1,000 የሚታኘክ የቢተል ቅጠል። ወዚሩ በየሺህ ዲናር የታሰሩ ሁለት ከረጢቶች አስያዘው፤ «የራስ ማጠቢያ» ይሉታል፣ የመንገድ አቧራ ማራገፊያ መሆኑ ነው። ከዚያ ፀሐፊዎች መጡ። ጓደኞቹን፣ አሽከሮቹንና ባሪያዎቹን፣ 40 ያህል ሰዎች፣ አንድ በአንድ መዝግበው በአራት ደረጃ ከፋፈሏቸው፤ ለየደረጃውም ገንዘብ ቆረጡላቸው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ይኸን ነገር ያውቀዋል፤ አልጋ፣ ካፌ፣ ስም ዝርዝር! ስምህ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ምሳ የለም። ልዩነቱ የዴልሂው ዝርዝር ምሳ ብቻ ሳይሆን ሌላም ነገር ይመዘግብ ነበር።

ስሙ ራሱ ተለወጠ። በህንድ በድረ ዲን ይሉት ጀመር።

ዴልሂ ከገቡ አንድ ወር ተኩል ገደማ ሲሆን ልጁ ሞተች። ዓመት ያልሞላት ሕፃን ናት፤ ወደ ህንድ ሲመጡ ቡኻራ አጠገብ፣ መንገድ ላይ የተወለደች። እናቷ አብራው የምትጓዝ ባሪያው ናት። ወዚሩ ሕፃኗ ከፓላም በር ውጭ በሠራው የሼኮች ማረፊያ እንድትቀበር አዘዘ፤ ለሱልጣኑም ጻፈ። ሱልጣኑ የ10 ቀን መንገድ ርቆ አደን ላይ ነበር። መልሱ በማግሥቱ ማታ ደረሰ። እነዚያ ቃጭል የያዙ ሯጮች ሌሊቱን ሙሉ የሮጡት የአንድ መንገደኛ ሕፃን ሞተች ለማለት ነበር።

በሦስተኛው ቀን የአገሩ ወግ ተፈጸመ። መቃብሩ ዙሪያ የሐር ምንጣፍ ተነጠፈ፣ አበባ ተደረደረ፣ ቁርኣን ተቀራ፣ የጽጌረዳ ውሃ ተረጨ፣ ወዚሩና ሹማምንቱ ተገኙ። ለአንዲት የባሪያ ልጅ! ኢብን ባቱታ ክብሩ ገርሞታል። እኛንም ሊገርመን ይገባል። እንዲያው አስመስሎ ነው ብሎ መናቅ አይቻልም፤ በባዕድ አገር ልጅ ለሞተበት ሰው ጎረቤት ሲሰበሰብለት ምን ማለት እንደሆነ ለቅሶ የሚያውቅ ሕዝብ ይረዳዋል። ግን ይኸው ክብር የመጣው በዚያው በወሬ አቀባዮች መንገድ ነው። እንግዳውን የሚያስተዛዝነውና የሚሰልለው አንድ እጅ ነው። ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ የዴልሂ መስተንግዶ ምሥጢሩም እዚህ ላይ ነው።

ታሪኩ አላለቀም። የሱልጣኑ እናት የሟቿን እናት ወደ ቤተ መንግሥት አስጠራቻት። ሴቲቱ እዚያ አድራ በማግሥቱ ስትመለስ 1,000 ታንካ፣ ዕንቁ ያለበት የወርቅ አምባር፣ የአንገት ጌጥ፣ በወርቅ የተጠለፈ የሐር ልብስና አንድ ሣጥን ሙሉ ልብስ ተሸልማ ነበር። ታዲያ ኢብን ባቱታ ምን አደረገ? ተቀበላትና ለጓደኞቹና ላበደሩት ነጋዴዎች አከፋፈለው። ምክንያቱን ራሱ ይነግረናል፤ ወሬ አቀባዮች ስለ እርሱ እያንዳንዱን ነገር ለሱልጣኑ ስለሚጽፉ ስሙንና ክብሩን ለመጠበቅ ነው። ለልጇ ሞት ካሣ ይሁን ማጽናኛ የተሰጣት ወርቅ የእርሱ ዕዳ መክፈያና የስሙ ማሳመሪያ ሆነ። እርሷ ምን አለች? አልተጻፈም። ስሟም አልተጻፈም።

ሰኔ 8 ቀን 1334 ሱልጣኑ ከከተማው ሰባት ማይል ርቃ በምትገኘው በቲልባት ሰፈረ። እንግዶቹም ስጦታቸውን ይዘው ወጡ። ሱልጣኑ የኢብን ባቱታን እጅ ይዞ በፋርስኛ መልካም ቃል ተናገረው። አንድ ደግ ቃል በተናገረው ቁጥር እጁን ይስም ነበር፤ ሰባት ጊዜ እስኪስም ድረስ። ይኸን ቁጥር የሰጠን ራሱ ኢብን ባቱታ ነው፤ አላፈረበትም። በማግሥቱ ሱልጣኑ ወደ ከተማው ሲገባ በዝሆኖች ላይ የተተከሉ መወርወሪያዎች የወርቅና የብር ገንዘብ ሕዝቡ ላይ ይበትኑ ነበር። ሕዝቡም ይሻማ ነበር። ሕዝቡ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ግብር ተጨምሮበት የጎበጠ፣ ብዙም ሳይቆይ በረሃብ የሚመታ ሕዝብ ነው። ከዝሆን ላይ የሚወረወረው ብር ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም፤ ወይም የጠየቀ ሰው አልተጻፈለትም።

ቀጥሎ ሹመት መጣ። ወዚርነት፣ ጸሐፊነት፣ ዳኝነት፣ አስተማሪነት፤ ማን ምን ይችላል ተብለው ተጠየቁ። ኢብን ባቱታ ወዚርነትና ጸሐፊነት የእኔ ሥራ አይደለም፣ ዳኝነትና ሼክነት ግን የእኔም የአባቶቼም ሙያ ነው አለ። የዴልሂ ዳኛ ሆኖ ተሾመ፤ ደመወዙ በዓመት 12,000 ዲናር፣ ለጊዜው ሌላ 12,000 በእጁ፣ ከዚያም በላይ ገቢ የሚያገባ መንደር። እርሱም በሐቅ ሁለት ችግር አቀረበ፤ እርሱ የማሊኪ ሕግ ተከታይ ነው፣ የዴልሂ ሰዎች ግን ሐነፊ ናቸው፤ በዚያ ላይ ቋንቋቸውን አያውቅም። ሱልጣኑ አልተቸገረም፤ ሁለት ምክትሎች ሰጠው። እነርሱ ይሠራሉ፣ እርሱ ይፈርማል።

እስቲ ይኸን ለአንድ አፍታ እናስበው። ፍርድ ቤት ቁሞ «ላሜን ቀሙኝ»፣ «ግድግዳዬን ገፉኝ» የሚለው የዴልሂ ድሀ የሚናገረውን የማይሰማ ዳኛ ፊት ነው የሚቆመው። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ መጽሐፉን ያነበበ ሰው ለድሀ እንደሚራራ ያውቃል። ግን ደመወዙ የሚቆረጠው ድሀው ስለሚረዳው አይደለም፤ ሱልጣኑን ስለሚያስደስት ነው። ሹመቱ ለከተማው አገልግሎት ሳይሆን ለእንግዳው ማሰሪያ የተበጀ ነበር።

ዕዳው ደግሞ አደገ፤ 55,000 ዲናር ደረሰ። ከአበዳሪዎቹ ጋር ተማከረና አንድ ዘዴ ፈጠረ። በአገሩ ልማድ አበዳሪ ባለ ዕዳውን ቤተ መንግሥት በር ላይ ጠብቆ «ደሮሃይ!» ብሎ ይጮኻል፤ በሱልጣኑ ራስ ምሎ ሳትከፍለኝ አትገባም ይለዋል። በሱልጣኑ ስም የቆመ ሰው አይነቃነቅም። አያቶቻችን «በምኒልክ አምላክ!» ሲባሉ እንደሚቆሙት ማለት ነው። ነጋዴዎቹ እንደ ተመካከሩት ጮኹ፤ ጩኸቱ ውስጥ ገባ፤ ሱልጣኑም ዕዳው እንዲከፈል አዘዘ። ትእዛዙ ወጣ እንጂ ገንዘቡ ወዲያው ከግምጃ ቤት አልወጣም፤ ገና ብዙ ደጅ ጥናት ነበረበት። ደጅ ጥናት የሚለውን የእኛን ቃል የሚያውቅ ሰው የኢብን ባቱታን የዴልሂ ኑሮ በሁለት ቃል ጠቅልሎ መናገር ይችላል።

በዚያው ደጅ ላይ ሌላም ነገር ነበር። አንድ ቀን ወደ ቤተ መንግሥት ሲሄድ ፈረሱ ደነበረበት። መሬት ላይ ነጭ ነገር አየና ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ሦስት ቦታ የተቆረጠ ሰው ደረት ነው አሉት። ሱልጣኑ የሚያስገድላቸው ሰዎች አስከሬን በሩ ላይ ይጣል ነበር። እንግዲህ ለእንግዳ ሕፃን ለቅሶ ሐር ያስነጠፈውና ይኸን ያስጣለው አንድ ሰው ነው። ኢብን ባቱታም ሁለቱን በአንድ መጽሐፍ ጽፏቸዋል፤ ስለ ሐቀኝነቱ የምናመሰግነው እዚህ ላይ ነው። ለጋስነቱንና ደም አፍሳሽነቱን አብሮ ሲነግረን ሱልጣኑን ሊሸነግል አልፈለገም። ሊሸነግልም አያስፈልገውም ነበር፤ መጽሐፉ ተጽፎ ያለቀው በ1355 በሞሮኮ ነው፤ ሙሐመድ ኢብን ቱግሉቅም በ1351 ሞቷል። ቃሉን እየሰማ የጻፈለት ኢብን ጁዘይ የሚባል ጸሐፊ ነው። አንደበት የሚፈታው ከደጁ ከራቁ በኋላ ነው።

ደጁ ላይ እያለ ግን ተራው እርሱም ላይ ደርሶ ነበር። ሱልጣኑ የተቆጣው አንድ ሼክ ዘንድ ሄዶ ነበርና አራት ዘበኞች ተተከሉበት። ጾመ፣ ጸለየ፣ አንዲት የቁርኣን ቃል 33,000 ጊዜ ደገመ። ሼኩ ተገደለ፤ እርሱ ተረፈ። ከዚያ ሹመቱን ትቶ፣ ያለውን ሰጥቶ፣ አንድ ባሕታዊ ዘንድ ተጠጋ። ሱልጣኑ እንደገና አስጠራውና ወደ ቻይና መልእክተኛ አድርጎ ላከው። በ1342 ዴልሂን ለቆ ወጣ። ልኖር ነው ብሎ የፈረመው ሰው ከዴልሂ የወጣው በራሱ ፈቃድ ሳይሆን በሱልጣኑ ትእዛዝ ነው፤ መውጫውም እንደ መግቢያው የሱልጣኑ ነበር።

በዚያ ጉዞ ላይ፣ ግዋሊዮር አካባቢ ባለች አላፑር በምትባል ከተማ፣ የአገራችንን ሰው እናገኛለን። የከተማይቱ ገዥ በድር የሚባል ሐበሻ ነበር፤ የሱልጣኑ ባሪያ፣ በጀግንነቱ ምሳሌ የሚነገርለት። ከኢብን ባቱታ የህንድ ስም ጋር ሞክሼ ሊባሉ ይችላሉ። ይኸ በድር አንድ ሙሉ በግ በአንድ ማዕድ ጨርሶ፣ ከዚያ በላይ አንድ ረጥል ተኩል ቅቤ ይጠጣ ነበር፤ በአገሩ በሐበሾች ልማድ መሠረት ነው ተብሎ ተጽፏል! ልማዱ የት እንዳለ የሚያውቅ ካለ ይንገረን። ኢብን ባቱታ እዚህ ላይ «ተነገረኝ» ነው ያለው እንጂ «አየሁ» አላለም። ስለ ራሳችን የተጻፈውን ስናነብ እንስቃለን፣ ይኸማ ወሬ ነው እንላለን። ስለ ህንዶች፣ ስለ ፋርሶች የጻፈውን ስናነብ ግን እንዲያው እንዳለ እንቀበለዋለን። ሚዛኑ አንድ መሆን የለበትም ወይ?

እንግዲህ ምን እንላለን? ኢብን ባቱታን ውሸታም ነው ብሎ መጣል ስንፍና ነው። ስለ ሙሐመድ ኢብን ቱግሉቅ ዴልሂ በዓይኑ አይቶ ይኸን ያህል የጻፈ የውጭ ሰው የለም። በሱልጣኑ አጠገብ ብዙ ዓመት የተቀመጠው የአገሩ ታሪክ ጸሐፊ ዚያ አል-ዲን ባራኒም ቢሆን የጻፈው ከራሱ ማዕድ ሆኖ ነው፤ እርሱ የሚቆረቁረው ዝቅተኛ ዘር ያላቸው ሰዎች ለምን ተሾሙ በሚል ነው። አንዱ ከእንግዳ ወንበር፣ ሌላው ከባላባት ወንበር ይተርካሉ። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ማንበብ የእኛ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሁለቱም ያልተቀመጡበትን ቦታ መፈለግ አለብን።

ቦታው እዚያው መጽሐፉ ውስጥ ነው፤ ከሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አልጋው አንድ ሰው ይሸከመዋል ሲል፣ የሚሸከም ሰው ነበረ ማለት ነው። 1,000 ረጥል ዱቄት ሲል፣ የፈጨ ሰው ነበረ። ደብዳቤው በ5 ቀን ደረሰ ሲል፣ በየማይሉ ሲሶ ላይ ትንፋሹ እስኪቆረጥ የሮጠ ሰው ነበረ። ጥቁሩን ሩዝ በቅጥሩ ውስጥ ለ90 ዓመት ያስቀመጠ፣ ያረሰውም ነበረ። ኢብን ባቱታ ያገኛቸውን ሼኮችና ዳኞች ስም ከነአባታቸው፣ ከነአገራቸው በመቶ ለሚቆጠሩ ሰዎች ያስታውሳል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ እንኳ አልተረሳውም። ፓላም በር አጠገብ ልጇን የቀበረችው ሴት ግን የሟቿ እናት ከመባል በቀር ሌላ መጠሪያ የላትም።